ሦስት ካሜራ በጨለማ ክፍል

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ ሁሉ «ብልጭታ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ለሹፈት ነው፤ ሰውየው ፍላሽ ጠላቱ ነው። «ሰው ፊት ላይ መብረቅ መልቀቅ ምን የሚሉት ሙያ ነው?» ይላል። የአዳራሹ መብራት የፈለገውን ያህል ቢደበዝዝ ካሜራው ራሱ አነጣጥሮ ፎከስ እስኪይዝ ይታገሳል፤ ጢጥ ሲልለት ይጫናል። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዚሁ ሙያ ስቱዲዮ ከፍቷል፣ ትዳር መሥርቷል፣ ሴት ልጁን አስተምሮ አስመርቋል።

ሌላው መታወቂያው መሐላው ነበር። ለትልቁም ለትንሹም «ዓይኔን ግንባር ያርገው!» ይላል። ፎቶው ማክሰኞ ይደርሳል፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው። ስኳር አልጨመርኩም፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው። እንዲህ በየሜዳው ዓይኑን የሚያስይዝ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ታዲያ ልጁ ከተመረቀች ትንሽ ቆይቶ ይህን መሐላ እርግፍ አድርጎ ተወው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሠርግ ላይ ነው። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነበር። ብልጭታ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ሙሽራዋ ጉም ለብሳለች። ካሜራው ጢጥ ይላል፣ «ይዤያታለሁ» ማለቱ ነው፤ በመመልከቻው ቀዳዳ የሚታየው ግን ያው ጉም ነው። «ይቺ ዕቃ አርጅታ መዋሸት ጀመረች» አለና አውቶፎከሱን ዘግቶ፣ የሌንሱን ቀለበት በእጁ እያዞረ አነሳ። ስቱዲዮ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው ሙሽራዋ ደብዝዛለች፤ ከኋላዋ የተሰቀለው መጋረጃ ግን ክሩ ሳይቀር ይታያል። ለሙሽራዋ እናት «አሁን ፋሽኑ ለስለስ ያለ ነው» አላቸው። ደግ ሴት ናቸውና አመኑት።

የሚቀጥሉትም ሠርጎች እንዲሁ ሆኑ። በጠራራ ፀሐይ ሲያነሳ ብዙም አይቸገርም፤ ጨለም ሲል ነው ጉዱ የሚፈላው። ያስፈራውም ይኸው «ጨለም ሲል» ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውም በእሱ ዕድሜ፣ አመሻሽ ላይ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው። «መብራቱ ነው» አሉ፣ «ክሩ ነው» አሉ፣ ቀስ በቀስ ግን ቀኑም መሸባቸው። መጨረሻ ላይ ልጃቸውን የሚለዩት በኮቴው ነበር።

ታዲያ ሐኪም ዘንድ አይሄድም? አይሄድም! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ ሰው ሲመክር የኖረ ሰውዬ፣ በራሱ ሲደርስ ሆድ ይፍጀው አለ። ሐኪሙ «አዎ፣ የአባትህ ነው» እንዳይለው ፈራ። ለሚስቱም ትንፍሽ አላለም።

የእህቱ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ ግን መደበቂያ ጠፋ። ይቺን ልጅ ከአራስ ቤት ጀምሮ ያነሳት እሱ ነው። «አጎቴ ካላነሳኝ አላገባም» ብላለች። ለሌላ ፎቶ አንሺ ቢሰጠው እህቱ ትቀየመዋለች፤ ራሱ ቢያነሳው የልጅቷ ሠርግ ጉም ሆኖ ይቀራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ብልጭታም ዘዴ ፈለገ። አንድ ካሜራ ከጎረቤት ስቱዲዮ፣ አንድ ደግሞ ከጋዜጣ ፎቶ አንሺ ወዳጁ ተዋሰ። ለሚስቱ «የኔዋ አርጅታለች፤ ጨለማ ላይ የትኛዋ ቶሎ ፎከስ እንደምትይዝ አወዳድሬ ልወቅ» አላት። በልቡ የሚፈትነው ግን ዓይኑን ነበር። በሦስቱም ጉም ካየ ቁርጡን ያውቃል።

ከምሳ በኋላ የስቱዲዮውን ዕቃ ቤት መስኮት በጥቁር ጨርቅ ሸፈነ፤ ጥግ ላይ አንዲት ደካማ አምፖል አበራ። ሚስቱን ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ሹራቤን ደግሞ ለምን አስቀየርከኝ?»

«ልሙጥ ነገር ላይ ካሜራ በጨለማ የሚይዘው ያጣል። ባለ መስመሩ ይሻላል።»

«እኔ ደግሞ ያምርብሻል ልትለኝ መስሎኝ!»

በጎረቤቱ ካሜራ ጀመረ። ሌንሱ ዚዝ እያለ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ መብራት በጠፋበት ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው ዳበሰ፤ ቆይቶ ጢጥ አለ። ብልጭታ ትንፋሹን ውጦ አየ። ሚስቱ ጥርት ብላለች! ከሹራቧ የተመዘዘችው ክር እንኳ ትታያለች። የጋዜጠኛው ካሜራ በመመልከቻው ዳር ባለው የማነጣጠሪያ ነጥብ ሲያነጣጥሩበት ትንሽ ተንገዳገደ፤ በመሐለኛው ሲሆን ግን ዓይን ሳይጨፈን ያዘ። አሁንም ጥርት ያለ ነው። የራሱን አነሳና ዘግቶት የከረመውን አውቶፎከስ መልሶ ከፈተ። እንደ ጋዜጠኛው ፈጥኖ ጢጥ አለ፤ የሚታየው ግን ጉም ነው።

«ካሜራዋ ናታ!» ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ሮጦ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ሦስቱም ፎቶ እኩል ጠርቷል። የአሮጌዋ ካሜራ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም። ደስታው ወዲያው ከሰመ። ካሜራዋ ካልዋሸች የዋሸው ማን ነው? ምናልባት ሕመሙ መጣ ሄደት ይላል፤ አባቱንም እንዲያ ነበር ያደረጋቸው።

«ምን ሆነሃል? ላብ በላብ ሆንክ እኮ» አለች ሚስቱ ተከትላው መጥታ።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው» አላት።

ሴትዮዋ ጠጋ አለች። አሮጌዋን ካሜራ ከእጁ ወሰደች፣ ያን ወፍራም መነጽሯን አወለቀችና በቀዳዳው አየች።

«እንዴ! እኔ በዚች ያለ መነጽር ቁልጭ አድርጌ ነው የማየው። እንዳስተካከልኳት ናት።»

«ምኗን አስተካከልሽ?»

«ይቺን ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርሳም ነገር። ልጃችን ስትመረቅ አንተንና እሷን ላነሳ ስል መነጽሬ እየተጋጨ አስቸገረኝ። አውልቄው ይቺን ሳዞራት፣ ሳዞራት፣ ጠራልኝ።»

ያቺ ጥርሳም ቁልፍ ፎቶውን አትነካም፤ ቀዳዳውን ለተመልካቹ ዓይን ልክ ታደርጋለች እንጂ። ብልጭታ ካሜራዋን የገዛ ዕለት ለራሱ አስተካክሏት፣ ከዚያ ወዲያ መኖሯንም ረስቷል። እነዚያን ሁሉ ሠርጎች በሚስቱ ዓይን ልክ ሲያይ ነው የከረመው። መልሶ አዞራት። ጉሙ ተገፈፈና የሚስቱ ፊት ወለል ብሎ መጣ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን እየሳቀ አለቀሰ።

ሚስቱም አብራው ሳቀች፤ ከዚያ ተቆጣች።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ስትታወር ከረምክ? እኔ ምንህ ነኝ?»

«እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነዋ።»

«መሐላህን ስትተወው እኮ ገርሞኝ ነበር። ልብ ገዛ፣ ሃይማኖተኛ ሆነ ብዬ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ!»

በማግስቱ እየጎተተች ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ አንዱን መብራት አጥፍታ ሌላውን እያበራች ስታየው ቆየችና፣ የአባቱ ነገር እሱ ላይ እንደሌለ፣ በየዓመቱ ግን መታየት እንዳለበት ነገረችው። ብልጭታ እፎይ አለ፤ እንዲህ ያለ እፎይታ ልጁ የተወለደች ዕለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ደረጃውን እየወረዱ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ትደብቀኛለህ?»

«አልደብቅም! ዓይኔን ግን...»

በእጇ አፉን ከደነችው። «ዓይንህን ተወው! በሌላ ማል።»

ብልጭታ ቆሞ አሰበ፤ ከዓይኑ ቀጥሎ የሚያስፈራው ምን እንዳለ ፈለገ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ፍላሽ ለኳሽ ያርገኝ!»