ለደሳለኝ የመረጥኩለት አንቲረስት

ይህ የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ገጠመኝ ልበለው እንጂ ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ለባለቤቴ እንኳ በሙሉ አልነገርኳትም። ዛሬም ቀለም ስበጠብጥ ትዝ ይለኛል፤ የምውለው ደግሞ ቀለም ስበጠብጥ ነው።

ጎንደር ውስጥ፣ በአዘዞ መንገድ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሃያ ዓመት ቀብቻለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ሙያውን ያስተማሩኝ አፍንጫዬና ጣቶቼ ናቸው። በዚያ ሰሞን ጋራዡ አዲስ የቀለም ክፍል ተሠርቶለት ነበር። ባለቤቱ አቶ ውብሸት ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ማለትም የቀለም ኃላፊ ማን እንደሚሆን ገና አልተናገረም። ለእኔ ግን ያለቀ ነገር ነበር። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ወላሂ፣ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ከዚያ ደሳለኝ መጣ።

ደሳለኝ የማክሰኝት ሰው ነው። ሠላሳን ያለፈ፣ ባለትዳር። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ መጥቶ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠረ። ጠባዩ ሸጋ ነው። «አያ ሰይድ» ብሎ ሲጠራኝ ከልቡ ነው። ጠብ የነበረኝ ከእጁ ጋር ነው። እሱ የቀባው ዕቃ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እኔ ሥራዬን ትቼ የሱን እያገላበጥኩ ጉድለት እፈልጋለሁ፤ አጣለሁ። ሳጣ ደግሜ አገላብጣለሁ። በዚያ ላይ ጣሳ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ያነባል። እኔ ሥዕሉን አይቼ ነው የምገዛው።

አንድ ቀን አንድ ሐኪም የስፖርት መኪናውን ይዞ መጣ። ሞተሩ ቱርቦ ያለው፣ ሲነሳ ግቢውን የሚያንቀጠቅጥ ነው። አዲስ አበባ ለመኪና ቁንጅና ውድድር ሊያቀርበው ስለፈለገ ሞተሩ ተፈቶ እያንዳንዱ ክፍል በአዲስ እንዲቀባ አዘዘ። እንዲህ ያለ ሥራ እኛ ከተማ መቼ ይገኛል! ደረቴን ነፍቼ ጠበቅሁ።

ሐኪሙ ግን ደሳለኝ የቀባውን አንድ የጄኔሬተር ክዳን አየና በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄን የሠራው ማን ነው?» አለ። ነገሩት። «እንግዲያው ማኒፎልዱን እሱ ይቀባልኝ» አለ። ማኒፎልድ ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚያሳልፈው ብረት ነው። በዚያ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የዘይቱ መያዣ ሆነ። እሱ ከሥር ነው፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም።

አቶ ውብሸት ደግሞ ይባስ ብሎ «ደሳለኝ፣ ይሄን አሳምረህ ካወጣህ ሙከራው አበቃ፤ ቁልፉም ያንተ ነው» አለው። እዚያው እኔ ፊት! የዚያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ጁምዓ ሰግጄ በቀጥታ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። ደሳለኝ ቀለም መሸጫው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ዕቃውን አብረን እንድንገዛ ተልከን ነው። ብረት ከቀለሙ በፊት አንቲረስት ይቀባል፤ ቀለሙን የሚይዘው እሱ ነው። ተራው አንቲረስት ግን ለማኒፎልድ አይሆንም። ብረቱ ሲግል ያብጣል፣ ይጨሳል፣ ከላይ ያለውን ቀለም ይዞ ይላጣል። ለግለት ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነት አለ። ይህን የማውቀው ከዓመታት በፊት የአንድ ሚኒባስ ማኒፎልድ አበላሽቼ ሰው ስቆብኝ ነው።

ደሳለኝ ሁለቱንም ጣሳ በሁለት እጁ ይዞ ዞረ። «አያ ሰይድ፣ እኔ እንዲህ ያለ ሞተር ቀብቼ አላውቅም። የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

ባለሱቁ ስልክ እያወራ ነበር።

«ቀዩን ውሰድ» አልኩት። ተራውን ማለቴ ነው። «ያኛው የሚበልጠው በዋጋው ብቻ ነው።»

ጣሳውን አገላብጦ ጀርባውን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሌላውን መደርደሪያው ላይ መለሰው። እኔ ደግሞ ከመስጊድ ከወጣሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም። አስቡት!

ሁለት ቀን ሙሉ ሠራው። የእኛ ሰው ዕቃ በናፍጣ አጥቦ ወዲያው ይቀባል፤ እሱ ግን ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ በቲነር አጥቦ፣ አድርቆ ነው የቀባው። ላዩ ላይ ግለት የሚችል ነጭ ቀለም አለበሰው። ሲያልቅ እንዴት እንዳማረ አልነግራችሁም። በሁለት ደቂቃ እንደሚቃጠል እያወቅሁ እንኳ ቀናሁበት።

ሞተሩ ተገጥሞ የሚነሳበት ቀን ሁላችንም ከበን ቆምን። ሐኪሙ አስነስቶ ነዳጅ ሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ቀለም ቢጫ ሆነ። ከዚያ እንደ አረፋ እየተነፋ ፈነዳ፤ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ሐኪሙ አጥፍቶ ወረደና ማኒፎልዱን ያይ ጀመር።

«ይህን አንቲረስት የመረጠው ማን ነው?» ብሎ አቶ ውብሸት ጮኸ።

አለቀልኝ አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ደሳለኝ። «ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየም።

በዚያው ቀን ተሰናበተ። ማኒፎልዱን እኔ ፍቄ በትክክለኛው ቀባሁት። ሐኪሙ አመሰገነኝ፤ ቁልፉም ኪሴ ገባ። ደስታው ግን የት አለ? እንቅልፍ አጣሁ። ያላጋለጠኝ ለምንድን ነው? አስቦልኝ ነው? ንቆኝ ነው? ሲብስብኝ በሁለተኛው ወር ሚኒባስ ተሳፍሬ ማክሰኝት ሄድኩ።

አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ የወፍጮውን ሞተር ሲቀባ አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ብድግ አለ። «ምነው አያ ሰይድ፣ በደኅና ነው?» ብሎ መቀመጫውን ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄያለሁ።

«ደሳለኝ፣ ያን አንቲረስት አውቄ ነው የሰጠሁህ። ቀንቼብህ ነው።»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ።

«ለከፍተኛ ግለት እንደማይሆን ጣሳው ላይ ተጽፎ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንብቤዋለሁ።»

«እና አንብበህ ለምን ቀባኸው?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ። የተጻፈው ተሳስቶ ይሆናል እንጂ አያ ሰይድ አይሳሳትም ብዬ ነው። አውቀው እንዳደረጉት አላሰብኩም። እስከ አሁን ድረስ አላሰብኩም። አንብቤ የቀባሁት እኔ ስለሆንኩ ነው ጥፋቱን የኔ ነው ያልኩት።»

ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም። ሰርተፊኬት ያለው፣ የሚያነብ ሰው፣ ዓይኑ ያየውን ትቶ የኔን ቃል ይዞ ነበር። እኔ ደግሞ በሱ ስቀና ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ቁልፉን አቶ ውብሸት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኩት። ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ለደሳለኝ ቢደውልለትም «እዚሁ ሥራ ጀምሬያለሁ» ብሎ አልመጣም። ክፍሉን አሁን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እኔም እዚያው እቀባለሁ።

ደሳለኝ አልተቀየመኝም። ለረመዳንና ለአረፋ ይደውልልኛል፤ ልጆቼን በስማቸው እየጠራ ይጠይቃል። ማክሰኝት ውስጥ ሥራው እንደሰፋ፣ የትራክተር ሞተር ሁሉ እንደሚመጣለት እሰማለሁ። ስለ ቀለም ግን አንድ ቀን አማክሮኝ አያውቅም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዛሬስ ይጠይቀኝ ይሆን እላለሁ፤ አይጠይቀኝም። የሚያማክረው ሌላ ሰው ይኖረዋል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን፣ እቀናበታለሁ።