ናቲ ሰምቷል፤ አሁን ልጻፍ

አላመንኩም። አሁንም አላምንም።

ጠዋት ስልኬ ሲጠራ የቲቸር ታደለች ቁጥር ነው። ቅዳሜ አይደል፣ እንደ ልማዳቸው «ዛሬ እንዳትቀር» ሊሉኝ ነው ብዬ «አቤት ቲቸር፣ ምዕራፉን ጨርሻለሁ» አልኩ። የመለሰልኝ የእህታቸው ለቅሶ ነው።

ሐሙስ ዕለት እኮ ገበያ ላይ አግኝቻቸው፣ ሙዝ እየመረጡ ሲያሾፉብኝ ነበር። ልባቸው ነው አሉ። ሌሊት ትንሽ አመማቸው፣ ሲነጋጋ ወደ ጌታ ተሰበሰቡ።

ለማታውቋቸው፦ ቲቸር ታደለች ሆሳዕና ውስጥ ስንቱን ልጅ አማርኛ ያስተማሩ፣ እኔንም ከአንጋጫ አማርኛ ሳልችል መጥቼ አፌ ሲተሳሰር በትዕግሥት ያስነበቡኝ መምህር ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሳሎናቸውን የንባብ ክበብ አደረጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ እንጨቃጨቃለን። ደስ ያላቸው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው «አልጠገብኩም፣ ድገመው» ይላሉ። እሳቸው ባሉበት መጽሐፍ ቶሎ አያልቅም።

ባለፈው ክረምት ያነበብነው ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለተሰደደ ቤተሰብ የተጻፈ ልቦለድ ነበር። ልቦለድ ይባል እንጂ ግጥም ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከሁለት ሦስት መስመር በቀር ምንም የለም። የሺንሺቾ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ሸምሱ ገና ሲገልጠው «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ቀለም አልቆበት ነው እንዴ? አንቺ ነይ እስቲ እዪው» አለ። ሸምሱ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ለሁሉም አንተ፣ አንቺ ነው። እሳቸውም «ባዶው ላይ ስትደርስ ትንሽ ዝም በል፤ አንተን ዝም ለማሰኘት ነው» አሉት። ስቀን ሞትን።

ሳቁ ግን አልቆየም። እዚህ አገር ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት የት አለ? የቲቸር አንድ ልጅ ናቲም እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። መጽሐፉን ስናነብ የጎረቤት ወሬ የምንሰማ ነበር የሚመስለን።

አንድ ምዕራፍ አለ። እናትየዋ አገር ቤት ትሞታለች፤ ስደት ላይ ላለው ልጇ ማንም አይነግረውም። እሁድ እሁድ ሲደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ ሲደውል «ተኝታለች»፣ ሲደውል «ትንሽ አሟታል»። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ያን ቀን አንባቢው ሸምሱ ነበር። መሀል ላይ አቆመ። እኛ ባዶው ገጽ ላይ ደርሶ መስሎን ዝም ብለን ጠበቅን።

«እኛ ለወንድሜ እንደዚህ ነው ያደረግነው» አለ። «እናታችን ስትሞት። ሲሰማ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄዷል። እስከ ዛሬ ሲደውል እሷን አያነሳም።»

እኔ ላጽናናው ብዬ «ታዲያ ምን ታደርጉ? መርዶ እኮ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ ነው የሚነገረው። እዚያ ማን ይደግፈዋል?» አልኩ። ግማሹ ቤት ከእኔ ጋር ነበር።

ቲቸር ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «የእናት ለቅሶ ከልጅ ይሰረቃል? ብቻውን ከሆነ ሰው ፈልጉለት። ሰው ፈልጉለትና ንገሩት። እኔ ስሞት ናቲዬን አሟታል እያላችሁ እንዳታሞኙት። ሳልቀበር ይስማ።»

«ቲቸር፣ ሟርት አታውሪ» አለ ሸምሱ።

«በል ገጹን ድገመው፣ አልጠገብኩም» አሉት። እያለቀሰ ደገመው።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንደርስ ዘመዶቻቸው መክረው ጨርሰዋል። ናቲ ብቻውን ነው፣ ለጊዜው አሟታል ይባል፣ ቀስ ብሎ ይነገረዋል። ከፍቅር ነው፣ አልፈርድባቸውም። እናንተ ደግሞ ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ጀምራችኋል። አውርዱ እያልኩ ስደውልላችሁ የተቀየማችሁኝ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ናቲ ከፌስቡክ እንዳይሰማ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ልናገር ተነስቼ አቃተኝ፣ አለቀስኩ። ሸምሱ ነው ቲቸር ያሉትን አንድ በአንድ የነገራቸው። የናቲ አጎት «እሺ፣ ማን ይንገረው? እዚያ ማን አለን?» አሉ።

«ወንድሜ አለ» አለ ሸምሱ።

የራሱን እናት ለቅሶ የተከለከለው ሰው፣ የሆሳዕና ልጆችን ከየሱቁ ሰብስቦ፣ መኪናውን አስነስቶ ናቲ ጋ ሄደ። እኛ እዚህ ግቢ ውስጥ ስልክ ከበን ቁጭ አልን።

ሲደውሉልን መጀመሪያ የሰማነው የናቲን ለቅሶ ነው። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀበራችኋት?»

«አልቀበርናትም። ነገ ነው» አሉት አጎቱ።

«እንኳን ነገራችሁኝ» አለና ጮኾ አለቀሰ። ግቢው ሁሉ አብሮት አለቀሰ።

መምጣት አይችልም፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አልተስተካከለለትም። ነገ ቀብሩ ላይ በቪዲዮ እንዲያይ ስልኩን የምይዝለት እኔ ነኝ። ጸልዩልኝ።

ቲቸር፣ ሰው ፈልገንለታል። የሸምሱ ወንድም «ዛሬ እኔ ጋ ነው የሚያድረው» ብሏል። የእርስዎ ናቲ እንደማንም ልጅ፣ ሰው ከቦት፣ እናቱን በቀኗ እያለቀሰ ነው።

ደህና ይሂዱ እናቴ። እኛ ግን አልጠገብንዎትም።