የቀናሁባቸው እግሮች

የአክስቴን ልጅ እወዳታለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ስለማያምርብኝ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ እሷ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሁለታችንም ሩጫ የጀመርነው በአንድ ዓመት ነው። እሁድ እሁድ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ እወጣና ከአሰልጣኛችን ጋር የጦሳን ዳገት እንሮጣለን። ኮምቦልቻ ላይ ከሴቶቹ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ጦሳ ላይ ግን እንደ ወናፍ አለከልካለሁ። እሷ ዳገቱን ጨርሳ፣ ጫማዋን አውልቃ ጠጠር እያራገፈች ትጠብቀኛለች። እኔ እስከ ረቡዕ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል፤ እሷ ማክሰኞ ደግማ ትሮጣለች።

መሸነፉን እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ለእሷ ምንም የማይመስላት መሆኑ ነው። "ዛሬ አሞሻል እንዴ?" ትለኛለች በየዋህነት። ያቺን የዋህነቷን እጠላት ነበር።

ከሩጫ በኋላ አክስቴ ቤት እንበላለን። ቀይ ስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሲገኝ ብርቱካን። እኔ ከመብላት ይልቅ የእሷን ጉርሻ ስከታተል ምግቡ ይቀዘቅዝብኛል። አንድ ቀን ሳህን ላስቀምጥ ጓዳ ስገባ መደርደሪያው ላይ የቫይታሚን ክኒን አየሁ። በቃ፣ ምስጢሯ ይሄ ነው አልኩ። ለማንም ሳልናገር ደሴ ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት ቫይታሚን ሲ እና ኢ ገዛሁ፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እጥፍ እየዋጥኩ ሁለት ወር ከረምኩ። ሆዴ ተረበሸ። ልዩነታችን ጭራሽ ሰፋ።

ሲጨንቀኝ አሰልጣኛችንን ጠየቅኳቸው። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። አየር በሳሳበት ከፍታ አጥብቆ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ብረትን እንደሚያዝግ ያለ ነገር እንደሚበዛ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያንን ለማብረድ እንደሚያግዝ አስረዱኝ። ስለ ክኒኑ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ትንሽ ዝገት ለጡንቻሽ አስተማሪው ነው" አሉኝ። "ሰውነትሽ መቋቋም የሚለምደው በእሱ ነው፤ ክኒን ስታበዢበት ትምህርቱን ታስተጓጉይበታለሽ። ምግብሽን ብይ። ደግሞስ አንቺ በሳምንት አንዴ ነው የምትወጪው፤ እሷ እዚሁ ከፍታው ላይ ነው የምትኖር።"

ይሄ ይበልጥ አመመኝ። ክኒን ይገዛል፤ ከፍታ ከየት ይገዛል? የተወለደችበትን ሰፈር ሳይቀር ቀናሁባት።

በሚቀጥለው እሁድ ከዳገቱ ስንወርድ ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ክኒኑ እናቷ ጉንፋን ሲይዛቸው የሚወስዱት መሆኑን ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

"ታዲያ ለምን እኛ ዘንድ አትኖሪም?" አለችኝ። "ወላሂ፣ አልጋዬ ለሁለት ይበቃል።"

የምቀናበትን ነገር እንዲያ በቀላሉ ስታካፍለኝ ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት እምቢ አልኩ። በኋላ ፈረቃዬን አስቀይሬ፣ ሻንጣዬን ይዤ ሆጤ ገባሁ። ክኒኑን ተውኩት፤ አክስቴ ያቀረቡትን እበላለሁ፣ ከእሷ ጋር እነሳለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ እግሬ በሁለተኛው ቀን ይድን ጀመር።

በከተማው ውድድር ላይ ጀርባዋን እስከ መጨረሻው ሳላጣው ሮጥኩ። ቀደመችኝ፣ በጥቂት እርምጃ። አቅፌ "ማሻአላህ" አልኳት፤ ግማሹን ከልቤ ነበር።