ዘይቡ ጅቡቲ ወረደች

አጋሮ ውስጥ ፓስፖርት ማውጣት እንደ እርግዝና ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይደበቅ እንደሆነ እንጂ መታወቁ አይቀርም። ዘይቡም ለማንም ሳትተነፍስ ጅማ ሄዳ አሻራ ሰጥታ በተመለሰች በሳምንቱ ከገበያው እስከ መስጊዱ ያልሰማ አልነበረም። ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ደግሞ ፓስፖርት የምታወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ወዴት ነው ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ዑምራ ልትሄድ ነው ተባለ፣ አለቀ።

ዘይቡ የምትሠራው ኩመራ የሚባል ነጋዴ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ቡናው ተለቅሞና ተመዝኖ ጆንያ ውስጥ ሲገባ አፉን በሲባጎ የምትሰፋው እሷ ናት። ክንዷ ጠንካራ፣ ምላሷም የዚያኑ ያህል ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲቀልዱባት፣ «አንቺ የሰፋሽው ቡና አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ተሳፍሮ አገር ያያል፤ አንቺ እዚሁ ነሽ» ይሏታል። እሷ በሕይወቷ ያየችው ትልቅ ውኃ ቢኖር የጊቤ ወንዝ ነው፤ እሱንም በአውቶቡስ መስኮት። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። ዘይቡን ግን ያናድዳታል። ፍሬው አገር አይቶ ሰፊዋ የምትቀርበት ምክንያት አይገባትም። ከዕለት ገቢዋ ጥቂት በጥቂት ስታስቀምጥ የኖረችውም በዚህ ንዴት ነው።

የዑምራው ወሬ ሲደርሳት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ግን ሰው መምጣት ጀመረ። በእኛ ዘንድ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ የጎረቤቱን ጭንቀት ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሴቶቹ ስኳር፣ ቅቤ፣ ጭኮ ይዘው እየመጡ፣ አጠገቧ ተጠግተው ስማቸውን ሹክ ይሏታል። አንዷ የባሏን ሕመም፣ ሌላዋ የጠፋ ልጇን። ዘይቡ መሐል ላይ ተቀምጣ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ስትል ቤቱ ጢም አለ። በመጨረሻ ጎረቤቷ አፊፋ ትከሻዋ ላይ ተደፍታ፣ «ልጄ ካገባች ስንት ዓመቷ፤ ማህፀኗ አልከፈት አለ። ካዕባው ፊት ቆመሽ ስሟን ጥሪልኝ» ብላ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ፣ ዘይቡ ከዚህ በላይ መቀመጥ አቃታት። ብድግ አለች።

«አቁሙ! ወላሂ እኔ መካ አልሄድም።»

አፊፋ ከነእንባዋ ቀና አለች።

«ታዲያ የት ነው?» አለች አንዷ።

«ጅቡቲ።»

«ኢና ሊላሂ! ማን ሞቶብሽ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ልትነግጂ ነው?»

«ላኪ፣ አይደለም! ንግድም የለኝ። ባህር አለ አይደል እዚያ? እሱን ላየው፣ ልገባበት፣ ልደሰት ነው የምሄደው። ያመጣችሁትንም ውሰዱልኝ።»

አፊፋ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ከዚያ ያመጣችውን ጭኮ ከነሳህኑ አንሥታ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ዘይቡን የአፊፋ ነገር አንጀቷን በላው፤ በተናገረችው ግን አልተጸጸተችም።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ ሐጂ ሀቢቡላህ መጡ። ከገበሬው እየገዙ የሚያስረክቡ ቡና ሰብሳቢ ናቸው፤ አጋሮ ውስጥ ስማቸው የተከበረ። ሐጅ ካደረጉ ወዲህ ዘይቡ እንኳ እርስዎ ነው የምትላቸው።

«ምን በድዬሽ ነው የምታዋርጂኝ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ጁምዓ ላይ በሰው ፊት፣ እህቴ ዑምራ ልትሄድ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ!»

«መች ጠየቁኝ? ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።»

ሐጂ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ኦቦሌቲ፣ እህቴ። አሁንም አልረፈደም። የሰሙት ጥቂት ሴቶች ናቸው፤ ቀልዳ ነው ቢባል ያልፋል። እኔም አልዋሽም፣ አንቺም አትዋሺ። ዝም ብለሽ ጅቡቲ ሂጂ፣ ዝም ብለሽ ተመለሺ። የሆቴሉን፣ የመኪናውን፣ ሁሉንም እኔ እችላለሁ። እንደ ሰው ተቀምጠሽ፣ እንደ ሰው በልተሽ ትመጫለሽ።»

እውነቱን ለመናገር የዘይቡ ልብ ሸፈት ብሎ ነበር። ያላት ገንዘብ ለመሳፈሪያና ለዳቦ ያህል እንጂ ለሆቴል የሚሆን አይደለም፤ ጅቡቲ ደግሞ እሳት ነው ሲባል ሰምታለች፣ ሙቀቱም ዋጋውም። የሚቀዘቅዝ ክፍል፣ ነጭ አንሶላ፣ ቁልቁል ባህሩ ታያት። የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው። ግን ዝም ብትል፣ ስትመለስ ሰው ሁሉ እጇን ሊስም ይመጣል፤ አፊፋም የልጇ ስም እንደተጠራላት አምና ትጠብቃለች።

«የአላህን ቤት የሽርሽሬ መሸፈኛ አላደርገውም» አለች። «አላህ ከወፈቀኝ መካም እሄዳለሁ። ያን ቀን መካ እሄዳለሁ እላለሁ። ዘንድሮ ግን ባህር ነው፤ እሱንስ ማን የፈጠረው መሰለዎት?»

«በየትኛው ገንዘብሽ?»

«በሲባጎዬ።»

«እንግዲያስ ደጄን እንዳትረግጪ!» አሉና ሐጂ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ዘይቡ የሄደችው በሰኔ ነው፤ መጋዘኑ ሥራ የሌለበት፣ ጅቡቲ ደግሞ አቅም ያለው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ የሚወጣበት ወር። ሰው በሸሸበት ወቅት የሚገዛ ሁሉ ርካሽ ነው ብላ አስባ ነበር፤ አልተሳሳተችም። አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ላብ። የራሷን ጭኮ በጣሳ ይዛለች፤ ቅቤው ድንበር ሳይሻገር ቀልጦ እንደ ወጥ ሆነባትና በዳቦ እያጠቀሰች በላችው። ያሳደረቻት ሶሲ ናት። ሶሲ ድሮ እዚያው ኩመራ መጋዘን ቡና ለቃሚ የነበረች፣ አሁን ጅቡቲ ምግብ ቤት የምትሠራ የአጋሮ ልጅ ናት። መኝታው ጣሪያ ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ነው፤ በዚያ ወር ጠቅላላው ሰፈር የሚተኛው እንዲሁ ነው።

በደረሰች ዕለት ከሰዓት ሶሲ ወደ ባህሩ ወሰደቻት። ዘይቡ ለዚህ ቀን ያሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ደረሱ፣ ባህሩ የለም። ፊት ለፊቷ ጭቃ ብቻ ነው፤ ጨው የጋገረ፣ ሸርጣን የሚርመሰመስበት ሰፊ ጭቃ። ውኃው ሩቅ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል።

«ወዴት ሄደ?» አለች ዘይቡ።

«በቀን በቀን ወደ ኋላ ይሸሻል» አለች ሶሲ እየሳቀች። «ይመለሳል ግን። አሁን ፀሐይዋ ትገድልሻለች፣ ነገ ጠዋት እንመጣለን።»

«አልሄድም። እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ።»

«እትዬ ዘይቡ፣ ስንት ሰዓት እኮ ነው!»

«እኔ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ! የወንድሜን ደጅ ተከልክዬ መጥቼ ጭቃ አይቼ ልተኛ?»

ጃንጥላዋን ዘርግታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሶሲም ትታት ልትሄድ ስላልቻለች አብራት ተቀመጠች። ፀሐይዋ ስትበርድ ውኃው መጣ። ድምፅ የለው፣ ግርግር የለው፤ ጭቃውን እያለበሰ ዝም ብሎ መጣና የዘይቡን እግር ነካው። ለብ ያለ ነበር። ቀሚሷን እንኳ ሳትሰበስብ ገባች፤ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ። በእጇ ዘግና ቀመሰችና፣ ጨው መሆኑን እያወቀች፣ «ጨው ነው!» ብላ ጮኸች። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። ባሏ በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞተ በኋላ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ይህንንም ለሶሲ ነገረቻት።

የቀሩትን ቀናት ከተማዋን በእግሯ ጨረሰቻት። ማለዳ ጀልባዎቹ ዓሣ ሲያራግፉ ታያለች፤ የተጠበሰ ትንሽ ዓሣ በወረቀት ትገዛለች፤ ነጫጭ ቅስት ባላቸው የድሮ ሕንፃዎች ጥላ ሥር ለስላሳ መጠጥ ሳትገዛ ትቀመጣለች። አስተናጋጆች ሲያዩአት እሷም ታያቸዋለች። ማታ ባህሩ ዳር ግንብ ላይ ነፋስ ትቀበላለች፤ ነፋሱን የሚያስከፍል የለም። ወደብ ላይ የአገሯ መኪኖች ሲደርሱ፣ «አካም!» ብላ ሰላምታ ትጮህባቸዋለች፤ ሾፌሮቹም ጥሩምባ ይነፉላታል።

ስትመለስ ማንም ሊጠይቃት አልመጣም። አፊፋ መንገድ ላይ ስታገኛት ሻሿን ወደ ፊት እየሳበች ታልፋለች። ሐጂ ክረምቱን ሙሉ በበሯ አላለፉም። ዘይቡ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም የባህሩን ነገር ታወራለች፤ ጥቁር ብላ መምጣቷን እንኳ ስለ ጅቡቲ ፀሐይ መናገሪያ አደረገችው።

ኅዳር ላይ ቡናው መጣ፣ መጋዘኑም ተከፈተ። ሐጂ ቡናቸውን አስጭነው መጥተው ከዘይቡ ፈንጠር ብለው ቆመው ሳለ፣ መሐሙድ የሚባል የጅማ ነጋዴ ገባ። የሰማው የድሮውን ወሬ ነው።

«ሐጂ! ማሻአላህ፣ እህትዎ ዑምራ አድርገው ገቡ አሉ። አላህ ይቀበላቸው!»

ሐጂ አሚን ማለት ብቻ ነው የቀራቸው፤ አፋቸውም ተከፍቷል። ለቃሚዎቹ ሁሉ ያያሉ። ዘይቡ ቀና ብላ ዐይን ዐይናቸውን አየቻቸው። ልታድናቸውም አልፈለገች።

«አልሄደችም» አሉ ሐጂ።

«እንዴት?»

«ጅቡቲ ነው የሄደችው።»

«ውይ፣ ለሕክምና?»

ሐጂ አንድ ነገር አጉረመረሙ። የቡና መፈልፈያው ማሽን ያጓራል፤ መሐሙድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ተጠጋቸው። «አልሰማሁም!»

«ይንገሩት እንጂ» አለች ዘይቡ። «ጮክ ብለው ይንገሩት።»

ሐጂ ሀቢቡላህ እህታቸውን አዩ፣ ነጋዴውን አዩ፣ ሥራ አቁመው የሚጠብቁትን ሴቶች አዩ። ፊታቸው ቀላ።

«ልትደሰት!» ብለው ጮኹ። «ባህር ልታይ ሄዳ፣ በገዛ ገንዘቧ ተደስታ መጣች! ምን ይሁን ነው የምትለው አንተ?»