ከሻሹ ስር የበቀለው

በቀለ! እልል በሉ፣ በቀለ! ገና አጭር ነው፣ ገና ለስላሳ ነው፣ ግን ጥቁር፣ ሥር ያለው፣ በጣት ቢይዙት የሚያዝ ጸጉር! ያውም ሰው ሁሉ እርሙን ከሚያወጣበት ቦታ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ከግንባር ዳር።

የማን ነው አትሉኝም? የፊዮርዳሊሳ ነዋ! የባኒ ከተማዋ ጸጉር ሠሪ፣ የወይዘሮዋ የዶኛ ኤርሚንያ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሴት ራስ ስታጥብ፣ ስትጠቀልልና ስትተኩስ የኖረችው። የሰውን ስታሳምር የራሷን መጨረሷን ግን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ከእናቷ በቀር ያወቀ አልነበረም። ሁላችንም የምናውቀው ሻሿን ነው። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አበባ ያለበት፣ ሁልጊዜ ከቅንድቧ ትንሽ ከፍ ብሎ ጥብቅ ያለ። «እንደ እሷ ሻሽ የሚያምርበት የለም» እንል ነበር። ለጌጥ መስሎን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ ጢም ይላል። ካስክ ስር የተደረደሩት ሴቶች የማድረቂያውን ጩኸት በጩኸት እያሸነፉ ይጠይቋታል፣ እሷም እጇን ሳታቆም ትመልሳለች።

«ፊዮርዳሊሳ፣ ጨረቃ ልትሞላ ስትል ጫፉን ብቆረጥ ይረዝማል አይደል?»

«ጨረቃ ሥራ ፈትታ ነው ያንቺን ጸጉር የምትጎትተው? ጫፉ ሲቆረጥ ሥሩ ወሬውንም አይሰማም።»

«ባሌን መላጣ ያደረገው ቆብ ነው ይሉኛል።»

«በቆብ ቢሆን የቤዝቦል ተጫዋች ሁሉ ራሱ እንቁላል በሆነ ነበር። ዘር ነው እቴ፣ በእናትም በአባትም በኩል ይመጣል። አማትሽን ብቻ አትውቀሺ።»

«እኔስ? ከወለድኩ ወዲህ እፍኝ እፍኝ ይወጣል!»

«ያንቺው በራሱ ይመለሳል። ልጅሽ ድክ ድክ ሲል ያንቺም ይበቅላል።»

ሁሉንም ታውቃለች። አንድ ነገር ብቻ ተሳስታ ኖራለች፤ «ካላመመ አልያዘም» ትላለች። ቢጉዲን ስትጠቀልል ዓይን ወደ ጆሮ እስኪሸሽ ትስባለች። ባኒ ውስጥ ደግሞ ይሄ ሙያ ነው። ደንበኛዋን ያላስለቀሰች ጸጉር ሠሪ እጇ ደካማ ነው ይባላል። ፊዮርዳሊሳ በሌላው ላይ ይህን ያህል ከጨከነች በራሷ ላይ እጥፍ ጨከነች፤ የቤቷ ማስታወቂያ ራሷ አይደለች? በየቀኑ ጥብቅ፣ በየሳምንቱ ተኩስ፣ በየስድስት ሳምንቱ ማለስለሻ ኬሚካል። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ግንባሯ ዳር ሳሳ። በአርባ ሁለት ዓመቷ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ጣት ባዶ ሆነ። መጀመሪያ በቅንድብ እርሳስ ቀባችው፣ ሙቀቱ አቀለጠባት። ከዚያ ሻሽ። ከዚያ ዝምታ። «ጸጉር የሌላት ጸጉር ሠሪ ማን ራሱን ይሰጣታል?» እያለች ከመስታወቷ ጋር ብቻዋን ስትሟገት ስድስት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ኅዳር ኑሪስ የምትባል ሙሽራ መጣች። ፊዮርዳሊሳ እንደ ልማዷ ስባ ሠራቻት። ቢጉዲኑ ሲፈታ ግንባሯ ዳር ቀያይ ብጉር ተሰልፏል፣ ማበጠሪያው ላይም ከነሥራቸው የወጡ ጸጉሮች ተጠምጥመዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ኑሪስ።

ፊዮርዳሊሳ «ምንም አይደል» ልትል ነበር፤ ግን ማበጠሪያውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። የራሷም ልክ እንዲህ ነበር የጀመረው።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ጥብቅ የለም» አለቻት። «ልታገቢ ነው እንጂ ልትላጪ አይደለም።»

በማግስቱ ሰኞ አውቶቡስ ተሳፍራ ዋና ከተማ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ዶክተር ፔጌሮ ደረቅ ሴት ናት። «ሻሹን» አለቻት። ፊዮርዳሊሳን ልብስ ከማውለቅ ይልቅ ሻሽ ማውለቅ ከበዳት። ሐኪሟ በማጉያ መነጽር ብዙ አየችና፣

«ማነው እንዲህ የሚጎትትሽ?»

«እኔው።»

«ጠላትሽን ቅርብ ነው ያስቀመጥሽው። ስሚኝ፣ የቀኙ ሥር አልሞተም። ግራው ላይ ትንሽ ቦታ ጠባሳ ሆኗል። መጎተት ተዪ፣ ኬሚካል ተዪ፣ ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ ቀቢ። ስድስት ወር።»

«የሽንኩርት ውሃስ?»

«ሽንኩርቱን ለባቄላሽ አቁላዪው።»

«የሚተከለውስ፣ ዶክተር? ከኋላ ነቅለው ፊት ላይ የሚተክሉት?»

«አለ፣ ጥሩ ነው። ግን እየጎተትሽ ቢተከልልሽ የተተከለውንም ትነቅዪዋለሽ። መጀመሪያ እጅሽን አሳርፊ።»

እጅ ማሳረፍ በታኅሣሥ! በዓል ደርሶ፣ አገር ሁሉ ጸጉሩን በሚሠራበት ወር! ፊዮርዳሊሳ ቢጉዲኑን ላላ አድርጋ ስትጠቀልል ደንበኞቿ ይተያያሉ። «እጅሽን አሞሻል እንዴ?» ይሏታል። ሁለት የጥንት ደንበኞቿ ጥግ ላይ ወዳለው ጸጉር ቤት ሄዱ። ዋጥ አደረገችው። በስድስተኛው ሳምንት ግን ጠብታውን ስትቀባ ያለውም ጸጉር ተግተልትሎ እጇ ላይ ቀረ። ጮኸች፣ ጠርሙሱንም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

«እሰይ!» አለች ዶኛ ኤርሚንያ። «እኔ አቮካዶ ተቀቢ ስልሽ እናት ምን ታውቃለች አልሽ!»

ፊዮርዳሊሳ እያለቀሰች ለሐኪሟ ደወለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለቻት ያቺ ደረቅ ሴት። «አሮጌው ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። እንዳታቆሚ!»

ጠርሙሱን ከቅርጫት አውጥታ በፎጣ ጠረገችው። አላቆመችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ራሷን ለእናቷም አላሳየችም።

እና በሰባተኛው ወር፣ ያለፈው ቅዳሜ! ቤቱ ሙሉ ነው። ዶኛ ታርሲላ፣ አፏ ሚጥሚጣ የሆነው፣ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ታጉረመርማለች።

«ላላ ላላ እያደረግሽ በሁለት ቀን ይበላሽብናል። የድሮ እጅሽ የት ሄደ?»

ፊዮርዳሊሳ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። እጇን ወደ ኋላ ልካ የሻሿን ቋጠሮ ፈታች። ስድስት ዓመት የተሸሸገ ገመና ነው።

«የድሮ እጄ የሠራው ይኸውላችሁ» አለች ግራዋን እያሳየች፤ ጠፍ የሆነች፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ። ቀጥላ ቀኟን አዞረች። «አዲሱ እጄ የሠራው ደግሞ ይሄ ነው።»

ጥቁር! ጥቅጥቅ ያለ! የጣት አንጓ የሚያህል!

ዶኛ ኤርሚንያ ከወንበሯ ተነሳች፣ አውራ ጣቷን በምራቋ አርጥባ የልጇን ግንባር ዳር ፈተገችው።

«የቅንድብ እርሳስ መስሎኝ ነው» አለች። ጣቷን አየችው፣ ንጹሕ ነው። አላመነችም፤ ጸጉሩን ይዛ ሳብ አደረገችው።

«ኧረ እማዬ፣ ያማል!»

«አመማት!» ብላ ጮኸች እናት። «አመማት! ሥር አለው! የልጄ ጸጉር ሥር አለው!»

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! እልልታው፣ ሳቁ፣ ግማሽ ራሷ የታጠበ ሴት ሳሙናዋን እያንጠባጠበች ስታቅፋት! ኑሪስ የራሷን ግንባር ዳር እያሳየች «የኔም ደኅና ነው፣ የኔም!» ትላለች። ዶኛ ታርሲላ እንኳ አንገቷን ሰብራ፣

«በይ እኔንም አላልተሽ ሥሪኝ» አለች፣ «ቅንድቤ ማጅራቴ ጋ ሊደርስ ነው።»

ለግራዋ ጥግ ሐኪሟ ወደፊት ንቅለ ተከላ ይቻላል ብላታለች። ፊዮርዳሊሳ ግን አልቸኮለችም፤ ያን ቀን እስከ ማታ ያለ ሻሽ ሠራች፣ የቬንቲሌተሩ ነፋስ ግንባሯን ሲነካት ዓይኗን ጨፈን እያደረገች።

ሌላውን በኋላ እጽፈዋለሁ፣ አሁን መቀመጥም አልቻልኩም! ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ ያለችው ሚልኬያ ባርኔጣዋን በሰው ፊት ካወለቀች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ምክንያቱን ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እኔ ልንገራት፣ ሄድኩ!