ከስሙ አንድ ፊደል

ወደ ጉብታው ውጡ የተባልነው ከቀትር በኋላ ነው። ጓዱ አስራ አንድ ሰው ነበር። ምሽግ ቆፈርን፣ መትረየስ ተከልን፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ጦር ሜዳ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ልጆች ሲጠይቁኝ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል።

አጠገቤ የነበረው ሰይድ ነው፤ የአጅባር ሰው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ። እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝና ባገር ልጅነት ተቀራረብን። አንድ ቀን ምሽግ ውስጥ እንደተቀመጥን እንዲህ አለኝ፦

«አስር አለቃ፣ ደሞዝ ስቀበል ባውራ ጣቴ ነው የምፈርመው። ወላሂ፣ ያን ቀለም ጣቴ ላይ ሳይ አፍራለሁ። ስሜን መጻፍ አስተምረኝ።»

በሳንጃ ጫፍ የምሽጉ ግድግዳ ላይ ፊደል መጫር ጀመርን። ሰ ላይ ስንደርስ፣ «ይኸ የስምህ መጀመሪያ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን አሁኑኑ ላሳይህ» አልኩት።

«አይሆንም» አለ። «እኛ ቁርኣን ቤት ፊደል አይዘለልም። አብሽር፣ በተራው ይደርሳል።»

ቁርኣን ቤት ትንሽ ቆይቶ ነበርና ሲያነብ ዓይኑ ከቀኝ ነበር የሚነሳው። በ ላይ የደረስን ቀን «በራ» ብዬ ጽፌ አንብብ ስለው «ራበ» አለ። ስንቅ ካልደረሰን ሰንብቶ ነበር። «ግድግዳውም አውቆታል» ብሎ ሲጨምር ጓዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ሁለቱንም ፊደል ለይቷቸው ነበር። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በፊት አላውቀውም።

ተን ሳንጀምር፣ ጎህ ሲቀድ ተኩስ ተከፈተ። መጀመሪያ ከባድ መሣሪያ፣ ቀጥሎ እግረኛ። ግራ ክንፋችን ተሰበረ። መትረየሱ ዝም አለ። ሰይድ ተስቦ ወደ መትረየሱ ሄደ። መትረየሱ እንደገና አጓራ፤ ሰይድ ግን አልተመለሰም። ረፋዱ ላይ ጉብታው በእጃችን ቀረ። አራት ሰው ቀርተናል።

ሰባቱን እዚያው ቀበርናቸው። ስማቸውን በየድንጋዩ ላይ የጫርኩት እኔ ነኝ። የሰይድን ለመጨረሻ አቆየሁት። ሦስት ፊደል ነው፤ እሱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

ከጦሩ ከተሰናበትኩ በኋላ ድንጋይ ጠርቤያለሁ። የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ወረኢሉና አቀስታ ተመላልሻለሁ። ጂዳ ሄጄ የሰው በር ጠብቄያለሁ። ሥራ አልናቅሁም፤ የእኔ ነው ያልኩት ግን አንድም አልነበረም። ወደ አገሬ ስመለስ እናትና አባቴ አልፈው፣ እኩዮቼ ተበትነው ቆዩኝ። ለጎልማሶች ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ሲፈለግ፣ ከባዶ ቤት ይሻላል ብዬ ገባሁ። ያ የምሽጉ ደስታ እዚያ ተመልሶ አገኘኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርቶ የእሱ የሆነውን እንጀራ በመጨረሻ ሌላ ቦታ ሊያገኘው ይችላል።

ከትምህርት በኋላ ቤቴ ገብቼ ሰባቱን በየስማቸው እቆጥራለሁ። እዚህ ከተማ የሚያውቃቸው የለም። አብሮኝ የሚያነሳቸው ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በቀደም አዲስ የመጡ እናት፣ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ዓረብ አገር የሄዱባቸው፣ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ስጽፍ አይተው ግራ ገባቸው።

«መምህር፣ ሀ ሁ አይቀድምም እንዴ?»

«ሀ ሁ ይደርሳል፣ እትዬ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ስምዎን ይጻፉልኝ።»