ፎርማይካ የለበሰው ዋንዛ

ወላይታ ራሱን ችሎ ዞን በሆነ ሰሞን ሶዶ ከተማ በፎርማይካ አበደች። የቢሮው ጠረጴዛ ፎርማይካ፣ የሆቴሉ ባንኮኒ ፎርማይካ፣ የሙሽራው ቁምሳጥን ፎርማይካ። አንድ የስልጤ ነጋዴ ከመርካቶ ያስመጣልኝ ነበር፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ጥቁሩን፣ እብነ በረድ የሚመስለውን። እኔ ደግሞ ሴት አናጢ ብለው ለሚስቁብኝ ሁሉ እልክ ይዞኝ ነበርና አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አልሠራም። "እንደ እገሊት ዕቃ አድርገሽ ሥሪልኝ" ብሎ የመጣ ደንበኛ በመጣበት እግሩ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ከቤሌ በኩል አንድ ሽማግሌ ጣውላ በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ዋንዛ ነው፤ ዓመታት ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ተቀምጦ ጭስ ጠግቧል። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

"ቁምሳጥን ሥራልኝ" አሉኝ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። "ከዚህ ብቻ። ሌላ እንጨት እንዳይገባ።"

የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ ሙሽራዋ ብቻዋን መጣች። ሶዶ የምታስተምር፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። "ውስጡም ውጪውም ይሸፈን፤ እንጨቱ የትም ቦታ እንዳይታይ" አለችኝ። ደስ አለኝ እንጂ ምን ይከፋኛል! ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቁርጥራጭ እየገጣጠምኩ በሮቹ ላይ የዱንጉዛን፣ የወላይታን የባህል ልብስ ጥለት አወጣሁ። ውስጡን ነጭ አለበስኩት። ስጨርስ ራሴው ፈዝዤ ቆምኩ፤ እንደዚያ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ሊወስዱት የመጡ ቀን ሽማግሌው ሁለት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ገቡ። "እንኳን ደስ ያለዎት" እያልኩ የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገለጥኩት። ዞሩት። በሩን ከፍተው ውስጡን አዩ፤ ነጭ። ተንበርክከው ከሥር አዩ፤ እዚያም ነጭ።

"እንጨቴስ?"

"ውስጡ ነዋ፣ አባባ። ልጅዎ ናት ይሸፈን ያለችኝ።"

"የታለ?" አሉና ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔም የሶዶ ልጅ ነኝ፤ ሰማሁ። አናጢዋ ሸጣዋለች ነው የሚሉት።

ደሜ ፈላ። እኔ ሌባ! ደጄ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ በዚያች ከተማ ደግሞ ስም አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። መሮዬን አነሣሁና ያን ሁሉ የደከምኩበትን በር ከጠርዙ ጀምሬ ፈለቀቅኩት። አንዱ ቀይ ቁራጭ ጧ ብሎ ከሁለት ተሰበረ። ከሥሩ ኮላ የነካካው ዋንዛ ታየ።

"ይኸው! የእርስዎ አይደለም?"

ቀረብ ብለው እንጨቱ ላይ ያለችውን አንዲት ጉጥ በጣታቸው ዳሰሱ። "እሱ ነው" አሉ። ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው ማልቀስ ጀመሩ።

ሙሽራዋ የደረሰችው ይሄኔ ነው። አባቷን አየች፤ እንጨቱን አየች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ለምን ገለጥሽው?" ብላ ጮኸችብኝ። "ሸፍኚው!"

"ምን አደረገሽ እንጨቱ?"

"ወንድሜን ገደለው!"

አንደኛው ዘመድ በሹክሹክታ ነገረኝ። ልጆች ሳሉ ወንድሟ የዋንዛ ፍሬ ሊያወርድላት ወጥቶ ነው የወደቀው፤ እሷ ከሥር ቀሚሷን ዘርግታ እየጠበቀች። አባትየው ከቀብር እንደተመለሱ ዛፉን ጣሉት። ማገዶ ሊያደርጉት ግን አልቻሉም።

"ከአንቺ ጋር እንዲሄድ ብዬ ነው" አሏት አባቷ በወላይትኛ። "ሠርግሽ ላይ እንዲኖር።"

"ጠዋት ማታ እያየሁት እንዴት ልኑር?"

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ቀን እያፏጨሁ ስልገው፣ ስቆርጠው፣ ስመታው የከረምኩት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እጄን የማስገባበት ጠፋኝ።

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከወለሉ ላይ ሁለቱን ስባሪ አንሥተው ሰጡኝ።

"ሸፍነው" አሉኝ።

አሮጌውን ኮላ ፍቄ አዲስ ቀባሁበት። ኮላ እንደተቀባ ወዲያው አይለጠፍም፤ እጅ መያዙን እስኪያቆም ይጠበቃል። በዚያ መሃል እንጨቱ ኮላውን ጠጥቶ ቀላ ብሎ ያበራ ጀመር። ሙሽራዋ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ቀስ ብላ መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች። በጣቴ ነካ አድርጌ አየሁት፤ ደርሷል።

"እንለጥፈው?" አልኩ።

አባትየው እሷን አዩ።

"ትንሽ ይቆይ" አለች።

ኮላ ጊዜው ካለፈበት አይዝም። ይህን እያወቅኩ ፎርማይካውን መሬት አስቀመጥኩት።